የታጠበው ፍርግርግ

ዕቃው የመጣው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በባሕሩ ዳር ዓሣ እየጠበሱ የሚሸጡት የጭስ መደዳ ሴቶች ከሰላቸውን አቀጣጥለው ፍሙ እስኪበስል የሚጠብቁበት፣ እጃቸው ሥራ ፈትቶ አፋቸው ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት በመደዳው ያለፈ ሰው ቆዳው ተገፎ፣ ተዘልዝሎ፣ ተጠብሶ ነው የሚወጣው።

የዓሣ ማመላለሻ መኪና አሸዋው ላይ ቆመና ሁለት ሰዎች አንድ ግዙፍ ነገር እያቃሰቱ አወረዱ። ብረቱ ፊት ያሳያል። አራት ጎማ፣ ስድስት ማዞሪያ፣ ጎኑ ላይ የጋዝ ሲሊንደር፣ ከላይ ደግሞ እንደ ኤሊ ጀርባ የጎበጠ ክዳን አለው። ክዳኑ ላይ የሙቀት መለኪያ ተሰክቷል። ይህ ሁሉ እንዳይበቃ ሆዱን በቀይ ሪባን ታስሯል።

«ምንድን ነው ይሄ? ማቀዝቀዣ ነው?» አለች ማናንግ ቤባ፣ ከወጣቷ ደሊዛ መደብ በስተቀኝ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል የምትጠብሰው ጎረቤት።

«ማቀዝቀዣ በፊቱ ነው የሚከፈተው። ይሄ በጀርባው ነው» አለች ሌላዋ።

«እንግዲያው የሬሳ ሣጥን ነዋ!»

«የማን ሬሳ? በዚህ ቁመት ካንቺ ባል በቀር የሚገባበት የለም!»

መደዳው በሳቅ አወካ። ደሊዛ ግን አልሳቀችም። ማራገቢያዋን ይዛ ከሰሉ በሚነድበት ግማሽ በርሜሏ ፊት እንደቆመች ቀረች። ሹፌሩ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«ላንቺ ነው ኢንዳይ፣ የጋዝ መጥበሻ ነው። ቶቶ ሊያንድሮ ነው የላከው» አለ፤ በዚያ አገር ልጃገረድ ሁሉ ኢንዳይ፣ ጎረምሳ ሁሉ ቶቶ ነው። አንድ የታጠፈ ወረቀትም ሰጣት።

ሊያንድሮ ቢያሬል ማለት የዶኛ ሚላግሪንግ አንድ ልጅ ነው። ዶኛ ሚላግሪንግ ማለት ደግሞ ከድልድዩ እስከ ወንዙ አፍ ያለው የዓሣ ኩሬ ሁሉ የእሷ የሆነ፣ የጭስ መደዳ የሚጠብሰው ባንጉስ የተባለ ዓሣ ሁሉ ከእሷ ውኃ የሚወጣ፣ እንደ አረማመዷ ከሆነ ባሕሩንም በኪራይ የሰጠች የምትመስል ሴትዮ ናት። ልጇ ከሁሉም ልጃገረድ መርጦ ደሊዛን ወደደ። በጭስ መደዳ ሴት ልጅ የወደደ ሰው ደግሞ ቀለበት ይዞ ዘው አይልም። አርባ ቀን በልጅቷ እናት እሳት ፊት ያገለግላል። የኮኮናት ቅርፊት ከሰል ይሸከማል፣ በረዶ ያመጣል፣ ስኩዊድ የሚባለውን ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረት ሆድ ያጸዳል። በአርባኛው ቀን ከቤተሰቡ ጋር ምግብ ይዞ ይመጣና በልጅቷ እናት የብረት ፍርግርግ ላይ አንድ ሙሉ ዓሣ በገዛ እጁ ይጠብሳል። ዓሣው ቆዳው ሳይቀደድ ከተነሣ፣ ልጅቷ ታጨች። ከተቀደደ፣ ዓሣው ለውሻ፣ ልጁ ወደ እናቱ።

ሊያንድሮ ሦስት ቀን አይቆይም ብላ ደሊዛ ከማናንግ ቤባ ጋር በአንድ ሰሃን ሽሪምፕ ተወራርዳ ነበር። ተበላች። ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ጠዋት መጥቶ ሁለት ጆንያ ከሰል አራግፎ ሄዷል። ስለ ዕቃው ትንፍሽ አላለ። ድሮም ቢሆን አያወራም። በሠላሳ ስምንት ቀን ከአፉ የወጣው ቃል አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም።

ደሊዛ ወረቀቱን ከፈተችው።

«ደሊዛ፣ ክዳን አለው። እሁድ ከማማ ጋር እንመጣለን። ሊያንድሮ።»

ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።

«ምን ይላል? ምን ይላል?» አለች ማናንግ ቤባ፣ አንገቷን እንደ ዳክዬ አስረዝማ።

«ክዳን አለው ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ክዳን አለው።»

ሴቶቹ እንደገና ተንከተከቱ። ደሊዛ ግን «ክዳን» የሚለውን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ደጋግማ አኘከችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ስኩዊድ ልታደርስ ዶኛ ሚላግሪንግ ቤት ሄዳ ነበር። ዶኛይቱ ደሊዛ ከዚያ እስክትወጣ ድረስ ሽቶ የነካ መሀረብ ከአፍንጫዋ አላነሣችም። «ሊያንድሮ፣ መስኮቱን ክፈተው እስቲ። የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል» አለች። እሱም ተነሣና ከፈተው! ቃል ሳይተነፍስ፣ እንደ ታዛዥ ሎሌ፣ ሄዶ ከፈተው። ደሊዛ ያንን መስኮት እስከ ዛሬ በልቧ አልዘጋችውም። አሁን ደግሞ ክዳን ላከላት። ጭሷ ይታፈን፣ ሽታዋ ይከደን፣ እሷም ከነጉዷ ተከድና ለዶኛ አፍንጫ ትመቻች!

እናቷ ናናይ ፑሪንግ ገበያ ነበረች። ብትኖር «ቆይ፣ ተረጋጊ» ትላት ነበር። ስላልነበረች ደሊዛ የሽንኩርት ካርቶን ክዳን ቀደደች፣ ዋጋ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አነሣች፣ ሹፌሩን «ቁም!» አለችው። እንዲህ ጻፈች፦

«ለተከበሩ አቶ ሊያንድሮ ቢያሬል። ሣጥንህ ደርሶናል። ስድስት ማዞሪያ ቆጥሬበታለሁ፣ ስድስቱም ቢዞሩ አንተን ሰው አያደርጉህም። የእናቴ ጥቁር ፍርግርግ እናንተ ቤት ከሚያብረቀርቀው ነገር ሁሉ ይበልጣል። እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስብ ጠጥቶ ነው እንዲህ የጠቆረው። አንተ ሃያ ስድስት ዓመት ወተት ጠጥተህ ምን ሆንክ? ጭሳችን ለእናትህ አፍንጫ ከከበዳት መሀረቧን አጥብቃ ትያዝ። እኔ ላይ ግን ክዳን አይገጠምም። እሁድ ባትመጡ ደስታዬ ነው። ደሊዛ።»

ሹፌሩ ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ሄደ። ደሊዛ ወደ ፍሟ ተመለሰችና ማራገብ ጀመረች። ደጋግማ፣ በኃይል አራገበች። እሳቱ ነደደ። ያን ሁሉ ስድብ ካራገፈች በኋላ ይቀለኛል ብላ የጠበቀችው ግን አልሆነም፤ እጇ እስኪዝል አራገበች።

*

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ በረዶ ተሸክማ ስትመለስ ሊያንድሮን ከሩቅ አየችው። ባሕሩ ዳር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቁጢጥ ብሏል። አጠገቡ የዱቄት ሳሙና፣ እጁ ላይ የሽቦ መፈግፈጊያ አለ። ጉልበቱ ላይ ያጋደመው ነገር በፀሐይዋ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

መጀመሪያ የዚያ የጋዝ ዕቃ አካል መሰላት። ቀርባ ስታየው በረዶው ከእጇ ወደቀ።

የእናቷ ፍርግርግ ነው።

ያ ጥቁር ፍርግርግ! መደዳው ሁሉ የሚቀናበት፣ የአሳማ ስብና የኮኮናት ዘይት አሥራ ዘጠኝ ዓመት እየጠጣ እንደ አውራሪስ ቆዳ የወፈረው፣ ዓሣ ሲያስቀምጡበት በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ልጅ ውልቅ ብሎ የሚነሣበት ፍርግርግ። ናናይ ፑሪንግ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ውኃ አስነክታው አታውቅም። በትኩሱ በኮኮናት ቃጫ ትጠርገዋለች፣ በስብ ታሸዋለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ ታስተኛዋለች። ደሊዛን እንኳ እንደዚያ ጠቅልላ አላስተኛቻትም። አሁን ግን ብረቱ ራቁቱን ቀርቷል። ነጭ፣ ልሙጥ፣ አዲስ ከፋብሪካ የወጣ ቂል ብረት!

ሊያንድሮ ቀና ብሎ አያት። ፈገግ አለ። ደሊዛን እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚያናድዳት ይኼው ፈገግታ ነው፤ ምስጋና የሚጠብቅ ፈገግታ!

«ከንጋት ጀምሮ ነው» አለ።

እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነው። ትናንት «የእናቴ ጥቁር ፍርግርግ እናንተ ቤት ከሚያብረቀርቀው ነገር ሁሉ ይበልጣል» ብላ ጻፈችለት። ዛሬ ጥቁሩን ገፎ አሳያት። መልስ ሰጣት ማለት ነው! ይህ ዝምታው ሁሉ ለካ እንዲህ ያለ ተንኮል ሲያበስልበት ነው!

«መልስህን አየሁት» አለች። ድምፅዋ ቀዘቀዘ።

«የምን መልስ?»

«ኧረ እናቴ! አሁን ደግሞ ሕፃን ሆነ! እዩት እስቲ፣ እዩት! ማናንግ ቤባ፣ ነይ እይልኝ! የኩሬው ልዑል እጁን አስነክቶ አጠበልን!»

መደዳው ተሰበሰበ። ማናንግ ቤባ ብረቱን አይታ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ናናይ ፑሪንግ ከጠዋት ቅዳሴ እየተመለሰች ነበር። ግርግሩን ሰንጥቃ ገባች። ፍርግርጉን አየች። ልጁን አየች። እንደገና ፍርግርጉን አየች። ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ቆሽሾ ነበር» አለ ሊያንድሮ፣ አሁን ፈገግታው እየከሰመ። «ናናይ፣ ነገ ማማ ስትመጣ... ቆሽሾ ስለነበር ነው።»

«ቆሽሾ!» ደሊዛ ጮኸች። «ሰማችሁ? ቆሻሻ ነን! እናቱ አፍንጫዋን ትይዝብናለች፣ ልጅዋ በሳሙና ያጥበናል! ቤታችሁ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ስላያችሁ ሰው የሆናችሁ ይመስላችኋል። ከሰል ተሸክመህ ጀርባህ ስለጠቆረ ከእኛ ጋር የተቆጠርክ መሰለህ? ይህን ጥቁር ለመሥራት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። ለማጥፋት አንድ ጠዋት ብቻ! ሀብታም ማለት ይኼ ነው! ሌላው የሠራውን በአንድ ጠዋት ማጥፋት!»

ልጁ መፈግፈጊያውን አሸዋው ላይ ጣለ። ሽቦው የቆራረጣቸውን ጣቶቹን ወደ ኋላው ደበቃቸው። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያም ነጣ።

«ነገ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ና! ለምን አትመጣ! በዚሁ ፍርግርግ ላይ ነው የምትጠብሰው። በገዛ እጅህ ባጠብከው!»

ሳይገባው ዓይኑን አቁለጨለጨ። ማናንግ ቤባ አዘነችለትና ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

«ቶቶ» አለችው፣ «ዓሣ በራቁት ብረት ላይ ይጣበቃል። ያጠብከው የራስህን መቃብር ነው ልጄ።»

ሊያንድሮ ደሊዛን አያት። ምሕረት ሲፈልግ ነበር መሰል። አላገኘም። ጫማውን አንሥቶ በባዶ እግሩ በአሸዋው ላይ ሄደ።

በዚያ ቀን የጠበሱት ሁሉ ተጣበቀባቸው። የመጀመሪያው ባንጉስ ጭንቅላቱ ብቻ ተነሣ። የአሳማ ሥጋው ከብረቱ ጋር ተጋባ። አንድ ደንበኛ «ይሄ ዓሣ ነው ወይስ ፍትፍት?» ብሎ ሳቀባቸው። ናናይ ፑሪንግ ቀኑን ሙሉ ብረቱን በስብ ስታሽ ዋለች። ግን ብረት በአንድ ቀን አይማርም። ደሊዛም ከእናቷ እጅ ተቀብላ ስታሽ፣ ከፍርግርጉ ዳር አንዲት ትንሽ የደም ጠብታ ደርቃ አየች። የአውራ ጣት አሻራ ነው። ልትፍቀው ስቡን አነሣች። እጇ ግን እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ዘሎ አለፈ፤ ለምን እንደዘለለ ራሷን ብትጠይቀው ከራሷም ጋር ልትጣላ ሆነ።

*

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዶኛ ሚላግሪንግ መጣች። ጃንጥላ የሚይዝላት ሰው ይዛ፣ የምትቀመጥበትን ወንበር ከቤቷ አስጭና መጣች። ከኋላዋ ቅርጫቶቹ ተከተሉ፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሽሪምፕ፣ በእንጨት የተሰካ የአሳማ ሥጋ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። ከሁሉ በኋላ ሊያንድሮ አንድ ትልቅ ባንጉስ በሁለት እጁ እንደ ታቦት ተሸክሞ መጣ። ጣቶቹ በፕላስተር ተጠቅልለዋል።

የጋዝ ዕቃው ሪባኑ ሳይፈታ ከመደቡ ጎን ቆሟል። ክዳኑ ላይ የማናንግ ቤባ ዶሮ ተኝታበታለች።

«ይህን ዕቃ የላክነው ለዶሮ ነው?» አለች ዶኛይቱ።

«ምን ላድርግ ዶኛ» አለች ናናይ ፑሪንግ፣ «ከእኛ ቤት ክብሩን ያወቀችለት እሷ ብቻ ናት።»

መደዳው ሳቁን በእጁ አፈነ። ዶኛ ሚላግሪንግ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና ወዲያና ወዲህ አየች። በርሜሉን አየች፣ አመዱን አየች፣ የደሊዛን እጅ አየች። ዓይኗ ያረፈበት ሁሉ የሚቆሽሽ ይመስል ነበር።

«እንግዲህ ልጄ ይጥበስ። እኛ በላክነው፣ በንጹሑ ዕቃ ላይ ይጥበስ።»

«በእኔ ብረት ላይ ነው ዶኛ» አለች ናናይ ፑሪንግ። «እርስዎ ቤት ብመጣ በእርስዎ ወንበር ነው የምቀመጠው። እዚህ ደግሞ በእኛ ወግ ነው።»

«ወግ!» ዶኛይቱ ቦርሳዋን ከፈተች። «ስለ ወግ ካነሣሽ፣ የልጅሽን ወግ ላሳይሽ።»

አንድ የተቀደደ ካርቶን አወጣች። ደሊዛ አየችውና ደሟ ወደ እግሯ ወረደ። ዶኛ ሚላግሪንግ መነጽሯን ሰክታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን መልእክት እንደምታነብ ሁሉ አነበበችው። «ስድስቱም ቢዞሩ አንተን ሰው አያደርጉህም» ላይ ስትደርስ መደዳው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ሃያ ስድስት ዓመት ወተት ጠጥተህ ምን ሆንክ» ላይ ማናንግ ቤባ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። ስለ መሀረቡ ስትደርስ ግን የሚስቅ አልነበረም። ሁሉም ልጁን ነበር የሚያየው።

ሊያንድሮ ዓሣውን እንደያዘ ቆሟል።

«ማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓርብ ሹፌሩ ያመጣው ነው። ላንተ ነበር። እኔ ከፈትኩት። እናት አይደለሁም?»

«ካርቶን ነው እኮ! ምኑ ይከፈታል!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«ለምን አልሰጠሽኝም?»

«እንድትመጣ። በዓይንህ እንድታያት፣ በጆሮህ እንድትሰማት። አርባ ቀን ከሰል የተሸከምክላትን ንግሥት!»

ደሊዛ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። አላነበበውም። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ውኃ ዳር ሲፈጋ፣ የእሷን አንዲት ቃል አላየም ነበር። መልስ አልነበረም። ተንኮል አልነበረም። ልጁ ቆሽሾ አይቶ፣ እናቱ አፍንጫዋን እንዳትይዝባቸው ብሎ፣ ጣቱ እስኪደማ አጠበ። በቃ ይኸው ነው! እሷ ደግሞ በመደዳው ሁሉ ፊት አረደችው። ስትንቀው የኖረችው ያ ዝምታ ምንም ያልደበቀ ባዶ፣ ንጹሕ ዝምታ ኖሯል። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትንቅ ንቀት እንዲህ ተመልሶ ራሷን ሲበላት ይኼ የመጀመሪያዋ ነው።

«እንግዲህ ይጥበስ» አለች ዶኛይቱ። «በብረታችሁም ይሁን። ታጥቧል ሲሉ ሰምቻለሁ። የታጠበ ብረት ዓሣን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ።» ለዚህ ነው የመጣችው፤ የጋዙን ዕቃ ያነሣችውም ለይስሙላ ነበር። ልጇ ሲወድቅ በዓይኗ አይታ፣ እጁን ይዛ ልትመልሰው።

ሊያንድሮ በርሜሉ ፊት ተንበረከከ። የዓሣውን ሆድ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በዝንጅብል ሞላ፣ በጠጅ ሣር ሰፋው፣ ካላማንሲ የሚባለውን ትንሽ ሎሚ ጨመቀበት። ዓሣውን ሲያጋድመው ብረቱ ጭስስ አለ። ደሊዛ ድምፁን ሰምታ አወቀች። በግራ በኩል ፍሙ በዝቷል። ጎትተው፣ ጎትተው አለች በልቧ። ግን ከሴቷ ወገን የሆነ ሰው ያን ዓሣ መንካት አይችልም። በተለይ ልጅቷ። እጇን ወደ ዓሣው የዘረጋች ልጅ ለመነች ማለት ነው፤ ልጁን ራሷ ጠየቀችው ማለት ነው። እንዲህ ያለች ልጅ በጭስ መደዳ ተሰምታ አታውቅም። ብትሰማ ኖሮ ወሬዋ እስከ ዛሬ ባልቀዘቀዘ።

«ክዳኑ ለዝናብ ነው» አለ ሊያንድሮ ድንገት። ዓሣውን ነው የሚያየው።

«ምን?» አለች።

«ዝናቡ የገባ ሰሞን። ከሰልሽ ረጥቦ ጠፋ። አርባ ስኩዊድ ታዞ ነበር። ጃንጥላውን በአንገትሽ ይዘሽ ታለቅሺ ነበር። ምን ሆንሽ ስልሽ ጭስ ነው አልሽኝ።» ጭሱን በእጁ ገፋ አደረገ። «ከሰሉ ጠፍቶ ነበር። ጭስ አልነበረም። ክዳን ያለው ነገር ፈለግሁልሽ።»

በአርባ ቀን ውስጥ ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም።

«ታዲያ ይህን ለምን አትጽፍም ነበር?»

«ጻፍኩ። ክዳን አለው አልኩሽ።»

ልትስቅ ነበር። ከሳቁ በፊት ያ መስኮት ትዝ አላት።

«መስኮቱንስ? ያን ቀን እናትህ ስታዝህ?»

«ሞቆሽ ነበር» አለ። «ግንባርሽ ላይ ላብ አየሁ።»

ከዚያ ዓሣውን የሚገለብጥበት ጊዜ ደረሰ። መቆንጠጫውን በጅራቱ በኩል አስገባ። ቀስ ብሎ አነሣ። አልተነሣም። በጎኑ ሞከረ። እምቢ አለ። ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ አለ። ሴቶቹ ሁሉ፣ ሰማንያ ጊዜ ያሾፉበት ሴቶች፣ ወደ በርሜሉ ተጠጉ። ማናንግ ቤባ «ማርያም፣ ማርያም» ትል ጀመር። ሊያንድሮ አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነና ገለበጠው።

ቆዳው ከጉንጩ እስከ ጅራቱ ብረቱ ላይ ቀረ። ነጩ ሥጋ ራቁቱን ተገለበጠ።

ናናይ ፑሪንግ ፊቷን አዞረች። ዶኛ ሚላግሪንግ ተነሣች።

«አለቀ» አለች። «ወጋችሁን አከበርንላችሁ። ዓሣው ለውሻ ነው አይደል የምትሉት? እንሂድ ሊያንድሮ።»

ልጁ ግን አልተነሣም። የተቀደደውን ዓሣ እያየ ተንበርክኮ ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ደሊዛን አያት። ምሕረትን አልለመነም፣ አልወቀሳትም። ለመጨረሻ ጊዜ የሚያይ ሰው አተያይ ነበር።

ደሊዛ አንድ እርምጃ ተራመደች።

«ኢንዳይ» አለች እናቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከነካሽው አንቺ ነሽ የለመንሽው። አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ ናናይ።» ቀጥላም ወደ ዶኛይቱ ዞረች፣ አገጯን እንደ ልማዷ ከፍ አድርጋ። «ዶኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኛ ቤት ውሻ የለም።»

በርሜሉ ፊት ተንበረከከች። ብረቱ ላይ የተጣበቀውን ቆዳ በጥፍሯ ፍቃ አነሣች። ጣቷ ተቃጠለ፣ አፏም ተቃጠለ፣ በላችው።

«ጨው የለውም» አለች እያኘከች። እንባዋ ግራና ቀኝ ይወርዳል፣ እሷ ደግሞ አላቆመችም፣ ሌላ ፍቃ ጎረሰች። «ዝንጅብሉ ድንጋይ ያክላል። ይህን ነው አርባ ቀን ተምሬያለሁ የምትለው? ፍሙን በግራ ከምረህ! ዓይን የለህም? የማናንግ ቤባ ዶሮ ከአንተ የተሻለ ትጠብሳለች!» እያለች በላች። እየሰደበች በላች። ጎኑን በላች፣ ጅራቱን በላች፣ ብረቱ ላይ የቀረውን ጥቁር ፍርፋሪ እየለቀመች በላች። እንዲህ ያለ የማይጣፍጥ ዓሣ በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም፤ አንዲት ፍሬ ለሌላ ሰው ልትተውም አልቻለችም።

«የመደዳው ሕግ ለውሻ ነው የሚለው» አለች ናናይ ፑሪንግ ለሁሉም እንዲሰማ። «ስለ ልጄ ምንም አይልም።»

ዶኛ ሚላግሪንግ የቆመችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከንዴት ይሁን ከረሃብ ያወቀ የለም። ማናንግ ቤባ አንድ ሰሃን ኦይስተር ጭኗ ላይ አኖረችላት። ዶኛይቱም አፍንጫዋን አልያዘችም።

ሊያንድሮ የቀረችውን አንዲት የቆዳ ቁራጭ ሊያነሣ እጁን ወደ ብረቱ ሰደደ። ደሊዛ የታሸጉ ጣቶቹን ያዘቻቸው።

«ተው፣ ትቃጠላለህ» አለችው።

ስድብ አልነበረበትም። ከቃሉ ኋላ የሚከተል ሽሙጥም አልነበረም። ደሊዛ የገዛ ድምፅዋን ሰማችና ደነገጠች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፏ ውስጥ አብሯት ሲኖር አንድም ቀን ያላወቀችው ድምፅ ነበር። ንቀቷን ፈለገችው። ከምላሷ ሥር አልነበረም፣ ከጥርሷ መካከልም አልነበረም። እጁን እንደያዘች ቀረች፤ እንዲህ ባዶ አፏን በሰው ሁሉ ፊት መገኘት እንዴት እንደሚያስፈራና እንዴት እንደሚያሞቅ እያወቀች።